ለጽዮን እየጸለዩ ጽዮናዊነትን መቃወም፦ የእስራኤልን መንግሥት የማይቀበሉ አይሁድ መከራከሪያቸው ምንድን ነው?

የጋዛ ጦርነት በ2023 ከተቀሰቀሰ ወዲህ በለንደንና በኒው ዮርክ የሚደረጉ ሰልፎችን በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው አንድ ግራ የሚያጋባ ምስል ሳያይ አልቀረም። ረዥም ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ ጢማቸውን ያሳደጉ፣ ከጆሯቸው ፊት ለፊት የተጠቀለለ ጸጉር የሚወርድላቸው ሰዎች የፍልስጥኤምን ባንዲራ ይዘው ይቆማሉ፤ ያነገቡት ሰሌዳም አይሁድነትና ጽዮናዊነት አንድ አይደሉም ይላል። ይህን ያየ አንዳንዱ ሰው «አይሁድ መስለው የቀረቡ ናቸው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ እውነተኛ ሃይማኖተኛ አይሁዳዊ ሁሉ እንዲህ ያስባል ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ሰዎቹ በትውልድም በእምነትም አይሁድ ናቸው፤ ነገር ግን ከአይሁድ መካከል እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ከእነርሱ ጀርባ ያለው ክርክር ግን ከእነርሱ ቁጥር በብዙ ይበልጣል፤ ከ125 ዓመታት በላይም ዘልቋል።

ይህ ጽሑፍ ክርክሩን ከሥሩ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጽዮናዊነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ለአማርኛ አንባቢ «ጽዮን» የባዕድ ቃል አይደለም። አክሱም ጽዮንን፣ የኅዳር 21ን ክብረ በዓል፣ የዳዊትን መዝሙር ያስታውሰናል። በመጽሐፍ ቅዱስ ጽዮን በኢየሩሳሌም የሚገኝ ኮረብታ ሲሆን፣ ቀስ በቀስ ለከተማይቱም ለምድሪቱም መጠሪያ ሆኗል። ጽዮናዊነት ግን የጸሎት ወይም የናፍቆት ስም ሳይሆን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓ የተወለደ የፖለቲካ ንቅናቄ ስም ነው። ንቅናቄውን በድርጅት መልክ ያቋቋሙት በቪየና ይሠሩ የነበሩት ጋዜጠኛ ቴዎዶር ሄርዝል ናቸው። ሐሳባቸው በአጭሩ ሲቀመጥ አይሁድ የአንድ ሃይማኖት ተከታዮች ብቻ ሳይሆኑ ሕዝብ ናቸው፤ በየአገሩ የሚደርስባቸው ጥላቻም በትምህርትና በመልካም ጠባይ የሚጠፋ አይደለም፤ ስለዚህ እንደ ሌላው ሕዝብ የራሳቸው አገር ያስፈልጋቸዋል የሚል ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ቃላትን መለየት ግድ ይላል። አይሁዳዊ የሚለው ትውልድንና እምነትን፣ እስራኤላዊ የሚለው ዜግነትን፣ ጽዮናዊ የሚለው ደግሞ የፖለቲካ አቋምን ያመለክታል። ከእስራኤል ዜጎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ዐረቦች ናቸው፤ ጽዮናዊ የሆኑ ብዙ ክርስቲያኖች አሉ፤ ጽዮናዊ ያልሆኑ አይሁድም አሉ። ሦስቱን ቃላት እያቀያየርን በተጠቀምን ቁጥር ክርክሩ ይሰወርብናል።

ተቃውሞው መቼ ጀመረ?

ከንቅናቄው ጋር አብሮ ተወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሄርዝል የመጀመሪያውን የጽዮናውያን ጉባኤ ሊያካሂዱ ያሰቡት በጀርመን ሙኒክ ከተማ ነበር። የከተማዋ የአይሁድ ማኅበረሰብ ግን አልፈቀደም፤ በዚህም ምክንያት ጉባኤው በነሐሴ 1897 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ተካሄደ። ከጉባኤው አስቀድሞ፣ ከወግ አጥባቂውም ከለዘብተኛውም ወገን የሆኑ አምስት የጀርመን ረቢዎች (የአይሁድ መምህራነ ሃይማኖት) በጋራ መግለጫ አውጥተው ነበር። በፍልስጥኤም ምድር የአይሁድ መንግሥት ለማቋቋም መጣር በቅዱሳት መጻሕፍት ያለውን የመሲሕ ተስፋ እንደሚቃረን አስታወቁ። አያይዘውም የአይሁድ እምነት ምእመኑ የሚኖርባትን አገር በሙሉ ልብ እንዲያገለግል እንደሚያዝዝ ገለጹ።

የመጀመሪያው ነጥብ ሃይማኖታዊ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በዚህ ዓለም ኑሮ ላይ የቆመ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ተቃዋሚዎች ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ መንገዶች በአንዱ ተጉዘዋል። በአብዛኛው እርስ በርሳቸው የማይስማሙ፣ አንዳንዴም የማይነጋገሩ ሰዎች ናቸውና አንድ ላይ ደርቦ ማየት አይገባም።

ለመመለስ በየቀኑ የሚጸልይ ሰው መመለስን እንዴት ይቃወማል?

ሃይማኖተኛ አይሁዳዊ በቀን ሦስት ጊዜ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ ይጸልያል፤ በሥራ ቀናት በሚደግመው ጸሎት የተበተኑት ከአራቱ የምድር ማዕዘናት እንዲሰበሰቡ ይለምናል። በዓመት በዓላት ጸሎቱ ውስጥ ደግሞ «ስለ ኃጢአታችን ከምድራችን ተሰደድን» የሚል ኑዛዜ አለ። የሃይማኖታዊው ተቃውሞ ቁልፍ የሚገኘው በዚህ ኑዛዜ ላይ ነው። ስደቱን ያመጡት የሮማ ወታደሮች ቢሆኑም የፈረደው እግዚአብሔር ነው ተብሎ ይታመናል፤ እንግዲህ ፍርዱን የሚያነሣው የፈረደው ራሱ ነው ማለት ነው። ይህም በመሲሕ መምጣት ይፈጸማል።

በእኛ አገር ልማድ ላስረዳው። በትንሣኤ ዋዜማ ሌሊት ዶሮው ተሠርቶ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ሁለት ወር የሚጠጋ ጾም የጾመው ሰው ይራባል፤ ወጡንም ይወደዋል። ይሁን እንጂ ቅዳሴው ሳያበቃ አንድ ጉርሻ አይቀምስም። የማይቀምሰው ምግቡን ጠልቶ አይደለም፤ ሰዓቱ ስላልደረሰ ነው፤ ሰዓቱን የሚወስነውም እርሱ አይደለም። ለእነዚህ አይሁድ ጽዮናዊነት ቅዳሴ ሳያልቅ ማዕድ እንደ መቅረብ ነው፤ ያውም ጾም ስለ መኖሩ ግድ በማይሰጣቸው ሰዎች አቅራቢነት። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አልነበረም፤ ሄርዝልን ጨምሮ አብዛኞቹ ቀደምት መሪዎች የሰንበትንና የመብልን ሕግ የማይጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ረቢዎቹን ያስፈራቸው ሕዝቡ ኦሪቱን ትቶ በምድር፣ በቋንቋና በባንዲራ ብቻ «አይሁዳዊ ነኝ» ማለት እንዲጀምር መንገድ መከፈቱ ነበር። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት ሊቅ ሳዓድያ ጋኦን ሕዝባችን ሕዝብ የሆነው በኦሪቱ ብቻ ነው ብለው ነበርና፣ ተቃዋሚዎቹ ይህን ቃል ደጋግመው ይጠቅሱታል።

ሦስቱ መሐላዎች የሚባሉት ምንድን ናቸው?

ይህ የሃይማኖታዊው ክርክር እምብርት ስለሆነ ቀረብ ብለን እንመልከተው። ታልሙድ የጥንት ረቢዎች ክርክርና ፍርድ የተሰበሰበበት ሰፊ መጽሐፍ ነው። «ከቱቦት» በሚባለው ክፍሉ በባቢሎን ይኖሩ ስለ ነበሩት ስለ ረቢ ዘይራ ይተርካል። ረቢ ዘይራ ወደ እስራኤል ምድር ለመሄድ ቆርጠው ስለ ነበር ከመምህራቸው ከረቭ ይሁዳ ይሸሸጉ ነበር። መምህሩ ከባቢሎን ወደ እስራኤል ምድር የሚወጣ ሰው ትእዛዝ ይጥሳል ብለው ያስተምሩ ነበርና። ማስረጃቸውም የኤርምያስ ቃል ነው፤ ወደ ባቢሎን ይወሰዳሉ፣ እስክጎበኛቸውም ቀን ድረስ በዚያ ይኖራሉ ይላል። ረቢ ዘይራ ቃሉ የተነገረው ስለ ቤተ መቅደሱ ዕቃዎች ነው ብለው ይመልሳሉ። ያን ጊዜ ክርክሩ ወደ መኃልየ መኃልይ ይሻገራል።

በዚያ መጽሐፍ የኢየሩሳሌም ቆነጃጅት ፍቅርን ራሱ እስኪወድድ ድረስ እንዳይቀሰቅሱት በሚዳቋና በዋላ ይማላሉ። መሐላው በመጽሐፉ ሦስት ጊዜ ተደጋግሟል። ረቢዎቹ ይህን እንዲህ ፈቱት፤ እግዚአብሔር ሦስት መሐላ አስምሏል። አንደኛው እስራኤል «እንደ ግንብ» ሆነው እንዳይወጡ፣ ሁለተኛው በአሕዛብ ላይ እንዳያምፁ፣ ሦስተኛው ደግሞ አሕዛብ እስራኤልን ከልክ በላይ እንዳያስጨንቁ ነው። እንደ ግንብ መውጣት ማለት ሕዝቡ በአንድነት፣ በኃይል መንቀሳቀሱ ነው ተብሎ ይተረጎማል። አንድ ሰው ለብቻው ሄዶ በቅድስቲቱ ምድር ቢኖር አልተከለከለም፤ በኢየሩሳሌም፣ በኬብሮን፣ በጽፋትና በጥብርያዶስ ጽዮናዊነት ከመወለዱ በፊት ለዘመናት የኖሩ አይሁድ ነበሩ።

ረቢ ዘይራስ ምን ሆኑ? ታልሙድ ጥቂት ገጾች ዝቅ ብሎ ይነግረናል። ወደ ወንዙ ሲደርሱ የሚያሻግር ጀልባ ጠፋ፤ እርሳቸው ግን አልጠበቁም፤ የተዘረጋውን ገመድ ይዘው ተሻገሩ። አንድ ሰው ስለ ችኮላቸው ሲዘልፋቸው፣ ሙሴና አሮን ያልታደሉት ስፍራ ለእኔ እንደሚፈቀድልኝ በምን አውቃለሁ ብለው መለሱለት። የዚህ ዘመን ተከራካሪዎች ከዚህ ታሪክ ግማሹን መጥቀስ ይቀናቸዋል፤ አንዱ መሐላውን፣ ሌላው ገመዱን።

መሐላው የባዶ ፍርሃት ውጤትም አልነበረም። ከ132 እስከ 135 በሮም ላይ የተነሣው የባር ኮኽባ ዐመፅ በታላቅ እልቂት አብቅቷል። በ1665 ደግሞ ሸብታይ ጽቪ የሚባል ሰው መሲሕ ነው ተብሎ ከየመን እስከ ፖላንድ ያሉ አይሁድ ወደ ኢየሩሳሌም ለመጓዝ ተነሣሥተው ነበር፤ በዓመቱ ግን በኦቶማን ሱልጣን ፊት ቀርቦ ሰለመ። «ሰዓቱ ደርሷል» የሚል ድምፅ የሚያስከፍለውን ዋጋ ረቢዎቹ ያውቁት ነበር።

ቤተ እስራኤልስ?

የቤተ እስራኤል ቄሶች ኦሪትን በግዕዝ ያነብቡ ነበር፤ ታልሙድ ግን አልደረሳቸውም። ስለዚህ ሦስቱ መሐላዎች በጎንደርና በሰሜን መንደሮች የሚታወቁ አልነበሩም። ጥያቄው ግን ራሱ መጥቶባቸዋል። በ1862፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ጫና በበረታበት ወቅት፣ አባ ማህሪ የተባሉ መነኩሴ ሕዝቡን አስከትለው ወደ ተስፋይቱ ምድር ጉዞ ጀመሩ። ባሕሩ ለሙሴ እንደ ተከፈለ ለእነርሱም እንደሚከፈል ያምኑ ነበር። ጉዞው ከአክሱም አካባቢ አላለፈም፤ ብዙዎች በረኃብና በበሽታ አለቁ፤ የተረፉትም ወደ መጡበት ተመለሱ። ይህ የሆነው ከባዝል ጉባኤ 35 ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ሆነ ጽዮናዊነት ልንለው አንችልም፤ የመሲሕ ዘመን ተስፋ ነበር። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል በእግራቸው የወጡት ልጅ ልጆቻቸው ደግሞ በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻቸውን ቀብረዋል። ለእነርሱ ኢየሩሳሌም መድረስ በአንድ በኩል የጸሎት መልስ ነው፤ በሌላ በኩል የመንግሥት ዘመቻ ውጤት ነው። ሁለቱን መለየት የሚለው ክርክር በዚህ ቤት ብዙ ሥር አልሰደደም።

ከናዚዎች እልቂት በኋላ ይህን አቋም ማን ያዘው?

በዘመናችን የመሐላዎቹ ትልቁ ጠበቃ የሳትማር ሐሲዲም (በአንድ መንፈሳዊ መሪ ዙሪያ የተሰባሰቡ ጥብቅ ሃይማኖተኛ አይሁድ) መሪ የነበሩት ረቢ ዮኤል ታይተልባውም (1887–1979) ናቸው። ማኅበረሰባቸው በ1944 ወደ ናዚዎች የግድያ ካምፕ፣ ወደ አውሽቪትዝ፣ ተወስዶ አለቀ። እርሳቸው ራሳቸው የተረፉት የጽዮናውያን ድርጅት ሰው ከናዚዎች ጋር ተደራድሮ ባስወጣው ባቡር ነው፤ ይህን ተቃዋሚዎቻቸው ሁልጊዜ ያነሡባቸዋል። በኋላ ኒው ዮርክ ብሩክሊን ገብተው ማኅበረሰቡን እንደገና ገነቡት፤ ዛሬ ከዓለም ትልልቅ የሐሲዲም ማኅበረሰቦች አንዱ ነው። ረቢው በጻፉት ሰፊ መጽሐፍ የእስራኤል መንግሥት መቋቋም መሐላውን የሻረ ታላቅ ኃጢአት እንደ ሆነ ተከራክረዋል፤ ከዚያም አልፈው እልቂቱ ራሱ ጽዮናዊነት መሐላውን የመሻሩ ቅጣት ነው ብለዋል። ይህ የመጨረሻው አባባል ወላጆቻቸውንና ልጆቻቸውን ያጡ ብዙ አይሁድን እስከ ዛሬ ያቆስላል፤ እኔም ስጽፈው ከብዶኛል፤ ነገር ግን ሳይጠቀስ ቢታለፍ የአቋሙ ጥልቀት አይታወቅም።

አቋሙ በዕለት ኑሮ እንዴት እንደሚታይ ለማወቅ በምርጫ ሰሞን የኢየሩሳሌምን የመአ ሸዓሪም ሰፈር ማየት ይበቃል። በጥቁር ቀለም ብቻ የታተሙ ትልልቅ ማስታወቂያዎች በየግድግዳው ተለጥፈው ምእመናን ድምፅ እንዳይሰጡ ያስጠነቅቃሉ። ኤዳ ሃሬዲት በሚባለው ጉባኤ ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶች የመንግሥት በጀት አይቀበሉም፤ የሚተዳደሩት በአብዛኛው ከውጭ አገር በሚላክ መዋጮ ነው። በቴሌቪዥን የምናያቸው ሰልፈኞች ግን ከእነዚህም የጠበበው፣ በ1938 በኢየሩሳሌም የተመሠረተው ኔቱሬይ ካርታ ነው፤ ስሙ በአረማይክ «የከተማው ጠባቂዎች» ማለት ነው። በ2006 አንዳንድ አባላቱ እልቂቱን በሚክዱ ሰዎች በተሞላ የቴህራን ጉባኤ ላይ ሲገኙ ሳትማሮችም ጭምር አውግዘዋቸዋል።

ሌሎች ሃይማኖተኞች ምን ይመልሳሉ?

ሃይማኖተኛ ጽዮናውያን የመሐላዎቹ ታሪክ ትረካ እንጂ የሚያስገድድ ሕግ አይደለም ይላሉ። ሕግ ነው ቢባል እንኳን ሦስተኛውን መሐላ አሕዛብ አስቀድመው ሽረውታል፤ ደግሞም መመለሱ በ1917 በብሪታንያ ቃል፣ በ1947 በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ የተፈቀደ ስለ ሆነ «እንደ ግንብ» አልተወጣም ብለው ይከራከራሉ። የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ናሕማኒደስ በምድሪቱ መኖርን ከትእዛዛት አንዱ አድርገው መቁጠራቸውንና እርሳቸውም በ1267 ኢየሩሳሌም መግባታቸውን ይጠቅሳሉ። ረቢ አብርሃም ይስሐቅ ኩክ ደግሞ ሃይማኖት የሌላቸው ሰፋሪዎች እንኳን ሳያውቁት የእግዚአብሔርን ሥራ እየሠሩ ነው ብለው አስተምረዋል።

ከሃሬዲም፣ ማለትም ከጥብቅ ሃይማኖተኞች፣ አብዛኞቹ በመካከል ያሉ ናቸው። መንግሥቱን የተቀደሰ አድርገው አያዩትም፤ ነገር ግን በክነሴት (በእስራኤል ምክር ቤት) ይወከላሉ፣ በጀትም ይቀበላሉ።

ሃይማኖትን ያልጠቀሱትስ ለምን ተቃወሙ?

እዚህ ክርክሩ መልኩን ይለውጣል። ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ምሳሌ በብሪታንያ ካቢኔ ውስጥ የተፈጸመው ነው። በ1917 መንግሥቱ በፍልስጥኤም ለአይሁድ ብሔራዊ መኖሪያ ለመስጠት ሲመክር ውሳኔውን አጥብቀው የተቃወሙት በካቢኔው ውስጥ የነበሩት ብቸኛው አይሁዳዊ ሚኒስትር ኤድዊን ሞንታጉ ነበሩ። በነሐሴ ባቀረቡት ማስታወሻ የራሳቸውን መንግሥት ፖሊሲ ጸረ አይሁድ ነው ብለው ከሰሱት። አይሁድ አገር አላቸው በተባለ ማግስት የየአገሩ ጸረ አይሁድ ሁሉ «እንግዲያው ወደ አገራችሁ ሂዱ» ይላል፤ በእንግሊዝ ተወልዶ በእንግሊዝ የሚኖር አይሁዳዊም በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል የሚል ነበር ሥጋታቸው። ክርክሩን ተሸነፉ፤ ሆኖም ኅዳር 2 ቀን በወጣው የባልፎር መግለጫ መጨረሻ ላይ በሌሎች አገሮች ያሉ አይሁድ መብትና የፖለቲካ ይዞታ እንዳይነካ የሚል ሐረግ ገባ። ያ ሐረግ የእንዲህ ያለው ተቃውሞ አሻራ ነው።

በአሜሪካ የለዘብተኛው ወገን ረቢዎች በ1885 በፒትስበርግ ተሰብስበው ከእንግዲህ ሕዝብ ሳንሆን የሃይማኖት ማኅበረሰብ ነን፤ ወደ ፍልስጥኤም መመለስንም አንጠብቅም ብለው ነበር። በምሥራቅ አውሮፓ ደግሞ ቡንድ የተባለው የአይሁድ ሠራተኞች ፓርቲ በዚያው በ1897 በቪልና ተመሠረተ። ቡንዶች ሕዝብነታቸውን አልካዱም፤ የይዲሽ ቋንቋቸውንም አክብረው ያዙ። መፍትሔው ግን መሄድ ሳይሆን ባሉበት መታገል ነው አሉ። ይህን በይዲሽ «ዶይካይት» ብለውታል፤ በእኛ ቋንቋ «እዚሁነት» ልንለው እንችላለን።

ሌላው ተግባራዊ መከራከሪያ የነዋሪዎቹ ጉዳይ ነው። ራሳቸው ጽዮናዊ የነበሩት ጸሐፊ አሓድ ሃዓም በ1891 ምድሪቱን ጎብኝተው ሲመለሱ፣ ባዶ ነው እየተባለ የሚወራለት አገር ያልታረሰ ለም መሬት የማይገኝበት መሆኑን ጽፈዋል። የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ መሪ የነበሩት ረቢ ይሁዳ ማግነስና ፈላስፋው ማርቲን ቡበር ደግሞ የአይሁድ ብቻ የሆነ መንግሥት ማብቂያ የሌለው ጦርነት ያመጣል ብለው አይሁድና ዐረቦች በእኩልነት የሚያስተዳድሩት አንድ አገር እንዲቋቋም ጠይቀዋል። እነዚህ ሦስቱ ወደ ምድሪቱ መመለስን አልተቃወሙም፤ የመመለሱን መንገድ ነው የነቀፉት። በ1948ቱ ጦርነት 700 ሺህ ያህል ፍልስጥኤማውያን ከቤታቸው ሸሹ ወይም ተባረሩ። በ1950 እና 1951 ደግሞ ከ120 ሺህ በላይ የኢራቅ አይሁድ ከሺህ ዓመታት በላይ የኖሩበትን አገር ጥለው ወጡ። ተቃዋሚዎቹ ሁለቱንም የሥጋታቸው ማረጋገጫ አድርገው ይቆጥሯቸዋል።

ታዲያ ይህ ድምፅ ለምን ተዳከመ?

መልሱ በዋነኛነት እልቂቱ ነው። በሐምሌ 1938 በፈረንሳይ ኤቪያን የ32 አገሮች ተወካዮች ስለ ስደተኞች መክረው ጥቂቶች ብቻ በራቸውን ገርበብ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ከነበሩት የፖላንድ አይሁድ ከአሥሩ ዘጠኙ ተገደሉ፤ እዚሁነትን ይዘው የቆሙት መንደሮችና የሠራተኛ ሰፈሮች አብረው ጠፉ። ሞንታጉ የሚኖሩበት አገር ቤቴ ነው ለማለት ይችሉ ነበር፤ የሉብሊን ወይም የሳሎኒካ አይሁዳዊ ይህን የማለት ዕድል አልተሰጠውም። ብዙ ተቃዋሚዎችም አቋማቸውን የለወጡት በክርክር ተረትተው ሳይሆን የሚሄዱበት ያጡ ሰዎችን አይተው ነው። ይህን ሳይመዝኑ የጥንቱን ተቃውሞ ብቻ እየጠቀሱ መከራከር ለሟቾቹም ለተከራካሪዎቹም ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ዛሬ ክርክሩ የት ይታያል?

በፍርድ ቤት ይታያል። ዳቪድ ቤን ጉሪዮን በ1948 ለ400 ያህል የሃይማኖት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከውትድርና ነጻ የመሆን ፈቃድ ሰጥተው ነበር፤ ቁጥሩ በጊዜ ብዛት ወደ አሥር ሺዎች አደገ። በሰኔ 2024 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዚህ ነጻነት ሕጋዊ መሠረት እንደሌለ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ የሃሬዲ ወጣቶች መንገድ እየዘጉ ተቃውሟቸውን አሰምተዋል።

በምኵራብም ይታያል። በ1948 የአገሪቱ ዋና ረቢዎች ለመንግሥቱ ደኅንነት የሚነበብ ጸሎት አወጡ። ጸሎቱ እስራኤልን «የመዳናችን የመጀመሪያ ቡቃያ» ይላታል። በሃይማኖተኛ ጽዮናውያን ምኵራቦች በየሰንበቱ ይነበባል፤ በአብዛኞቹ የሃሬዲ ምኵራቦች አይነበብም። በሌሎች ጥቂት ምኵራቦች ደግሞ አንድ የዕብራይስጥ ቃል ተጨምሮበት ይነበባል፤ በቃሉ ምክንያት «ቡቃያ የሆነችውን» የነበረው ልመና «ቡቃያ ትሆን ዘንድ» ወደሚል ይለወጣል።